ዶ/ር ኧርነስት ኮድማን፦ ታካሚው ከቀዶ ሕክምና በኋላ ምን ሆነ?

ዳሌዎ አካባቢ ካንሰር ያልሆነ የአጥንት ዕጢ ወጥቶልዎት ከሆነ፣ ቁስሉ ከዳነ በኋላም ለዓመታት ራጅ እንዲነሱ ለምን እንደሚቀጠሩ ሳይገርምዎት አይቀርም። ታካሚን እንዲህ መከታተል የሐኪም ግዴታ እንዲሆን ብዙ ከታገሉት አንዱ የቦስተኑ ቀዶ ሐኪም ዶ/ር ኧርነስት ኮድማን ናቸው (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ኮድማን በ1869 ተወልደው በ1895 ከሃርቫርድ በሕክምና ተመረቁ። ለእያንዳንዱ ታካሚ ካርድ ነበራቸው፤ ሕመሙ፣ የተደረገለት ሕክምና፣ ከዓመት በኋላም ያለበት ሁኔታ ይጻፍበታል። ውጤቱ ካላማረ ምክንያቱም ይጻፋል። በ1911 በከፈቱት አነስተኛ ሆስፒታል እስከ 1916 ታክመው ከወጡት 337 ሰዎች መዝገብ 123 ስህተቶችን ለቅመው በራሳቸው ወጪ አሳተሙ። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ሌሎች ሆስፒታሎች ግን ጭራሽ አይቆጥሩም ነበር። ብዙ ባልደረቦቻቸው ተቀየሟቸው።

በ1920 ደግሞ የአጥንት ሳርኮማ መዝገብ ከፈቱ። በዚያን ጊዜ ካንሰር የሆነውን የአጥንት ዕጢ ካልሆነው መለየት አስቸጋሪ ነበር፤ ስህተቱ እግር ወይም ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ኮድማን ከየሐኪሙ ራጅ፣ የዕጢ ናሙናና የታካሚውን መጨረሻ ሰበሰቡ። በ1931 በትከሻ በኩል ባለው የክንድ አጥንት ጫፍ ላይ የሚወጣ ዕጢ ያለባቸውን ዘጠኝ ሰዎች ታሪክ አቀረቡ። ይኸው ዕጢ በ1942 ኮንድሮብላስቶማ ተባለ፤ ካንሰር አለመሆኑም ተለየ።

ኮንድሮብላስቶማ በአብዛኛው በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉትን ይይዛል፤ ዳሌ ላይ ሲወጣም በጭን አጥንት የላይኛው ጫፍ ይገኛል። ሐኪሙ ዕጢውን ፍቆ ያወጣና ክፍተቱን በአጥንት ወይም በአጥንት ሲሚንቶ ይሞላዋል። ሥራው ቀላል ቢመስልም ቦታው ጠባብ ነው፦ በአንድ በኩል የመገጣጠሚያው ልስልስ ሽፋን፣ በሌላ በኩል አጥንቱን የሚመግቡ የደም ሥሮች አሉ፤ በልጆች ላይ ደግሞ አጥንቱ የሚያድግበት ክፍል አለ። እነዚህን ላለመጉዳት ሲባል ጥቂት ቅሪት ከቀረ ዕጢው ተመልሶ ሊያድግ ይችላል። ስለዚህ ሕመም ባይሰማዎትም ቀጠሮውን አይተዉ። ብሽሽትዎን ወይም ጉልበትዎን ማመም ከጀመረ፣ ወይም ማነከስ ከመጣ፣ ቀኑን ሳይጠብቁ ይሂዱ። የዳሌ ሕመም ጉልበት ላይ እንደሚሰማ ብዙ ሰው አያውቅም።

ኮድማን በ1940 አረፉ። በመቃብራቸው ላይ ስማቸው የተጻፈበት ድንጋይ የቆመው በ2014 ነው።