ለጠላት አገር ሰው የመሰከረው እንግሊዛዊ

ስልካችሁ ላይ ካርታ ከፍታችሁ ያላችሁበትን ቦታ ስታዩ ከጀርባው የአልበርት አንስታይን ስሌት አለ። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ሰዓት በዚያ ስሌት ባይስተካከል ኖሮ ካርታው በአንድ ቀን ውስጥ ብቻ በኪሎ ሜትሮች ይሳሳት ነበር። አንስታይንን የማያውቅ የለም። ስሌቱ ትክክል መሆኑን ለዓለም ያሳየውን ሰው ግን ስንቶቻችን እናውቀዋለን?

አርተር ኤዲንግተን በ1882 (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በሰሜን እንግሊዝ ኬንዳል ከተማ ተወለደ። አባቱ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በታይፎይድ ሞቱ። እናቱ እሱንና እህቱን በትንሽ ገቢ አሳደጉ። ቤተሰቡ ኩዌከር ነበር፤ ኩዌከሮች ደግሞ ሰው መግደልን በጦርነትም ቢሆን የማይቀበሉ ክርስቲያኖች ናቸው። ልጁ በሒሳብ ጎበዝ ስለነበር በስኮላርሺፕ ተምሮ ካምብሪጅ ገባ። በ30 ዓመቱ እዚያው ፕሮፌሰር ሆነ።

በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። በዚያው ዓመት የአንስታይንን ሐሳብ በፀሐይ ግርዶሽ ሊፈትኑ ክራይሚያ የሄዱ ጀርመናውያን ሩሲያ ውስጥ ተይዘው መሣሪያቸውን ተነጠቁ። በ1915 መጨረሻ አንስታይን በርሊን ላይ ሥራውን ሲጨርስ የጀርመን መጽሔት እንግሊዝ አይገባም ነበር። ጽሑፉ የደረሰው በገለልተኛዋ ሆላንድ በኩል ነው። ሆላንዳዊው ደ ሲተር ላከው፤ የተቀበለው ደግሞ የሥነ ፈለክ ማኅበሩ ጸሐፊ የነበረው ኤዲንግተን ነው። ብዙ እንግሊዛውያን ምሁራን የጀርመን ስም እንዲነሳባቸው እንኳ አይፈልጉም ነበር። እሱ ግን ተቀምጦ አነበበ፣ ገባው፣ ለአገሩ ሰዎችም ማስረዳት ጀመረ።

በ1918 ነገሩ ከረረ። ኤዲንግተን እንዲዘምት ተፈለገ፤ እሱም እምነቴ አይፈቅድልኝም አለ። እንዲህ ያሉ ሌሎች ኩዌከሮች ወደ ሥራ ካምፕና ወደ እስር ቤት ተልከዋል። ያዳነው የመንግሥቱ ዋና የሥነ ፈለክ ሊቅ ፍራንክ ዳይሰን ነው። ቀጣዩን ግርዶሽ ለመለካት ይህ ሰው ያስፈልገናል ብሎ ተከራከረለት። ኤዲንግተንም ለግርዶሹ እንዲዘጋጅ የ12 ወር ፋታ አገኘ። እንግዲህ አስቡት፤ እንግሊዝ አልዋጋም ያለ ዜጋዋን የበርሊን ሰው ያሰላውን እንዲፈትን ፈቀደችለት ማለት ነው።

ጥያቄው ቀላል ነበር። የኮከብ ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ ምን ያህል ይጎብጣል? አንስታይን 1.75 አርክ ሰከንድ ይላል፣ የኒውተን ስሌት ደግሞ ግማሹን። ፀሐይ አጠገብ ያሉ ከዋክብት የሚታዩት ግን በግርዶሽ ጊዜ ብቻ ነው። ግንቦት 29 ቀን 1919 ኤዲንግተን ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ወዲያ ባለችው ፕሪንሲፔ ደሴት ነበር። ሌላ ቡድን ብራዚል ሶብራል ላይ ቆሟል። ፕሪንሲፔ ላይ ጠዋት ዶፍ ዘነበ። ግርዶሹ አምስት ደቂቃ ገደማ ነው፤ ሰማዩ ደግሞ ደመና! ኤዲንግተን ቀና ብሎ ለማየት እንኳ ጊዜ አልነበረውም፤ ፎቶ የሚነሳበትን መስታወት ብቻ ይቀያይራል። ከ16ቱ መስታወቶች ለልኬት የበቁት ሁለት ብቻ ሆኑ።

ውጤቱ ከፕሪንሲፔ 1.61፣ ከሶብራል 1.98 ሆነ። ሶብራል ላይ አንደኛው ቴሌስኮፕ ያነሳቸው ብዥ ያሉ ፎቶዎች ወደ ኒውተን ስላደሉ ወደ ጎን ተደርገዋል። በዚህ የተነሳ ኤዲንግተን ለአንስታይን አድልቷል ያሉ ነበሩ። በ1922 ግን አሜሪካኖች አውስትራሊያ ላይ ደግመው ሲለኩ መልሱ ያው የአንስታይን ሆነ።

ኅዳር 6 ቀን 1919 ውጤቱ ለንደን ላይ ሲነገር አንስታይን በአንድ ሌሊት ዓለም አወቀው። ቂሙ ግን በአንድ ሌሊት አልጠፋም። ጀርመናውያን ምሁራን ለዓመታት ከዓለም አቀፍ ጉባኤዎች ታገዱ። በ1920 የኤዲንግተን ማኅበር ለአንስታይን ያሰበውን የወርቅ ሜዳሊያ ከለከለው፤ የሰጠው በ1926 ነው።

ኤዲንግተን በኅዳር 1944 ሲሞት ሁለቱ አገሮች እንደገና እየተዋጉ ነበር። ሁለት ሰዎች የዘረጉት ድልድይ ጦርነት አያስቆምም፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን እንግሊዛዊው ጀርመናዊውን አገሩን ሳይሆን ሒሳቡን አይቶ መዘነው፤ ዛሬ መንገድ ሲጠፋን ስልካችን የሚመራን በዚያ ሒሳብ ነው።