ፀሐይን በስምንት ቁጥር ሊያስሩ የተነሡት ላይማን ስፒትዘር

የአርጀንቲናው ፕሬዚዳንት ሁዋን ፔሮን እ.አ.አ በማርች ወር 1951 ዓለምን ያስደነገጠ መግለጫ ሰጡ። ሁዌሙል በተባለች የሐይቅ ደሴት ላይ፣ ፀሐይን የሚያነድደው ኃይል በአገራቸው ቁጥጥር ሥር መዋሉን ነገሩ። ወሬው ብዙም ሳይቆይ ሐሰት ሆኖ ተገኘ። ይሁን እንጂ ሐሰተኛ ወሬ እውነተኛ ሥራ ወልዶ ያውቃል ከተባለ ይህ አንዱ ነው።

በዚያው ሰሞን በአሜሪካ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ፈለክ ሊቅ የነበሩት ላይማን ስፒትዘር በኮሎራዶ ተራሮች በበረዶ ላይ ለመንሸራተት ጓዛቸውን ሸክፈው ነበር። ወሬውን በስልክ ያደረሷቸው አባታቸው ናቸው። ሊቁ ወደ ተራራው አናት በሚያወጣው የገመድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሽቅብ ሲጓዙ አንድ ጥያቄ ያወጡና ያወርዱ ጀመር። ማናቸውንም ብረት የሚያቀልጥ ግለት ያለው ነገር በምን ዕቃ ይያዛል?

ስፒትዘር የተወለዱት በ1914 ኦሃዮ ግዛት፣ ቶሌዶ ከተማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በየል ተምረው፣ በፕሪንስተን በ1938 ዶክትሬታቸውን አገኙ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ባሕር ሰርጓጅ መርከቦችን በድምፅ በማሰስ ጥናት ላይ ሠሩ። በ1947፣ ገና በ33 ዓመታቸው፣ የፕሪንስተን የከዋክብት ምልከታ ማዕከል ኃላፊ ሆኑ። አንድ ዓመት ቀደም ብለውም፣ ሰው ሠራሽ ሳተላይት በሌለበት ዘመን፣ የከዋክብት መመልከቻ መነጽር ከምድር አየር በላይ ቢቀመጥ ምን እንደሚያስገኝ ጽፈው ነበር። ዛሬ ብዙው ሰው የሚያውቃቸው በዚህ ሥራቸው ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ያ ስምንት ቁጥር ነው።

ፀሐይ የምታበራው በውስጧ የሃይድሮጂን አስኳሎች ተጋጭተው ስለሚዋሐዱ ነው። ይህን በምድር ላይ ለማድረግ ጋዙ ከመቶ ሚሊዮን ዲግሪ በላይ መጋል ይኖርበታል። እንዲህ የጋለ ጋዝ ፕላዝማ ይባላል፤ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው ማግኔት ይገዛዋል። ስለዚህ ግድግዳ ሳይነካው በማግኔት ጉልበት ብቻ ተይዞ እንዲዞር ማድረግ ይቻላል ተብሎ ታሰበ። ቀላሉ ቅርጽ ክብ ነው፤ የመኪና ጎማ ካላማዳሪ የመሰለ ቱቦ ሠርቶ ዙሪያውን በሽቦ መጠቅለል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ካላማዳሪን በክር ብንጠቀልል ክሩ በውስጠኛው ወገን ይጨናነቃል፣ በውጭኛው ይሳሳል። የማግኔቱም ጉልበት እንደዚያው በውስጥ ይበረታል፣ በውጭ ይደክማል። በዚህ የተነሣ ከፕላዝማው ቅንጣቶች አንደኛው ዓይነት ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ቀስ በቀስ ይንሸራተታል፤ ሲለያዩም በመካከላቸው የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ኃይል ፕላዝማውን በሙሉ ገፍቶ ከግድግዳው ያላትመዋል።

ስፒትዘር ያገኙት መልስ ለዓይን የቀለለ ነው። ክቡን ቱቦ ጠምዝዞ የስምንት ቁጥር ቅርጽ ማስያዝ። ያን ጊዜ በአንዱ ጫፍ ሽቅብ የተንሸራተተው ቅንጣት በሌላው ጫፍ ቁልቁል ይመለሳል፤ ስሕተት ስሕተትን ያርማል ማለት ነው። በ1951 ሐምሌ ገደማ የአሜሪካ የአቶም ኃይል ኮሚሽን ለጥናቱ 50 ሺህ ዶላር ፈቀደ። ለመሣሪያው ከኮከብ የተወሰደ ስም፣ ስቴላሬተር፣ አወጡለት። ሥራውም በምሥጢር የሚካሄድ ስለነበር ማተርሆርን በተባለው የአልፕስ ተራራ ስም ተጠራ። ስፒትዘር ተራራ ወጪ ነበሩና ስያሜውን የመረጡት ራሳቸው ናቸው። በ1965 ከባልደረባቸው ጋር በካናዳ ባፊን ደሴት የሚገኘውን ቶር ተራራ ከሰው ሁሉ ቀድመው ወጥተዋል።

የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች የተሠሩበትን ቦታ የግብርና ትምህርት የቀሰመ ሰው ሳይጠቅስ አያልፍም፤ የጥንቸል ማርቢያ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ግቢውን የገዛው የሕክምና ምርምር እንስሳት ይረቡበት ከነበረ ተቋም ነውና፣ ፀሐይን ለማሰር የታሰበው ቱቦ ጥንቸሎች በለቀቁት ቤት ውስጥ ተገጣጠመ። ሞዴል ኤ የተሰኘው የመጀመሪያው ስምንት ቁጥር ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ መጠን ነበረው። በ1953 ሥራ ጀመረ፤ ፕላዝማም ያዘ። በ1958 ምሥጢርነቱ ተነሥቶ ሥራው በጄኔቭ ጉባኤ ለዓለም ሲገለጥ፣ ያ ጥምዝ ቱቦ ከቤተ ሙከራ ይልቅ ከቀራፂ እጅ የወጣ ይመስል ነበር።

ውበቱ ግን አላዳነውም። በ1960ዎቹ የተሠራው ትልቁ ሞዴል ሲ በስምንት ቁጥር ፈንታ የሩጫ ሜዳ ቅርጽ ይዞ፣ ጥምዘዛውን በዙሪያው ከተጠማዘዘ ሽቦ ያገኝ ነበር። ፕላዝማው ያልተለሰነ የመስኖ ቦይ ውኃ እንደሚያሰርግ ያለማቋረጥ ያመልጥ ነበር። በ1968 የሶቪየት ኅብረት ተመራማሪዎች ቶካማክ በተባለ ፍጹም ክብ መሣሪያ አሥር ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ መድረሳቸውን አስታወቁ። ምዕራባውያን ተጠራጠሩ። በቀጣዩ ዓመት የእንግሊዝ ባለሙያዎች ሞስኮ ሄደው በሌዘር ለኩና እውነት መሆኑን መሰከሩ። በ1970 ፕሪንስተን የስፒትዘርን ሞዴል ሲ ፈታትቶ ወደ ቶካማክ ለወጠው። የአዲሱ መሣሪያ ስም ሲሜትሪክ ቶካማክ ተባለ። ስፒትዘር የቤተ ሙከራውን ኃላፊነት ከለቀቁ ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ስያሜው የጉዳዩን ሥር ይነካል። ሲሜትሪ ማለት አንድን ነገር ቢያዞሩት ወይም ቢገለብጡት መልኩ አለመለወጡ ነው። ጌጥ የሌለው መሶብ በየትኛውም ወገን ቢያዞሩት ያው ነው፤ ቶካማክም እንዲሁ። ጀርመናዊቷ የሒሳብ ሊቅ ኤሚ ኖተር በ1918 ባሳተመችው ጥናት እንዳስረዳችው፣ ሲሜትሪ ባለበት ሁሉ የማይጎድል ነገር አለ። በክብ መሣሪያ ውስጥ ቅንጣቶች ከመንገዳቸው ርቀው እንዳይባዝኑ የሚይዛቸው ይኸው ሕግ ነው። ስፒትዘር ቱቦውን ሲጠመዝዙ የክቡን ሲሜትሪ ሰበሩ፤ ጠባቂውንም ከእርሱ ጋር አጡ። ፕላዝማው ያፈተለከበት ምክንያት ይህ ብቻ ባይሆንም፣ ጥምዝ መሣሪያን እስከዛሬ የሚፈትነው ዋናው ነገር ይህ ነው።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ስፒትዘር ውብ ስሕተት የሠሩ ሰው ተብለው በቀሩ ነበር። ነገር ግን በ1980ዎቹ በፕሪንስተንና በጀርመን የነበሩ ተመራማሪዎች ያልተጠበቀ ነገር አገኙ። ለቅንጣቱ ዋናው የመሣሪያው መልክ አይደለም፤ በመንገዱ ላይ የሚገጥመው የማግኔት ጉልበት ብርታትና ድካም እንጂ። መሣሪያው ለዓይን የተጣመመ ቢሆንም ያ ጉልበት በሥርዓት እየተደጋገመ እንዲመጣ ሊቀረፅ ይችላል። ሲሜትሪው ከውጭ ጠፍቶ በውስጥ ይገኛል። ይህን ለማስላት ግን በስፒትዘር ወጣትነት ያልነበረ ኮምፒውተር አስፈለገ። በእኔ ግምት ሰውየው የሳቱት በዘመኑ እንጂ በቅርጹ አልነበረም።

ስፒትዘር ማርች 31 ቀን 1997 በፕሪንስተን ሲሠሩ ውለው በዚያው ዕለት በ82 ዓመታቸው አረፉ። ሐሳባቸውን ተከትሎ የተሠራው የሀብል መነጽር በጠፈር ላይ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር። ሌላ የጠፈር መነጽርም በ2003 በስማቸው ተሰየመ። ስውር ሲሜትሪ ያለው የመጀመሪያው ስቴላሬተር ግን በዊስኮንሲን ሥራ የጀመረው እርሳቸው ካረፉ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

በጀርመን ግራይፍስቫልድ ከተማ በ2015 የተለኮሰው ቬንደልሽታይን 7-ኤክስ የዚህ ዘር ትልቁ ነው። ሃምሳ የተጣመሙ ማግኔቶች አሉት፤ ያየ ሰው አንዱ ከሌላው የማይገናኝ የብረት ጉማጅ ይመስለዋል። ሲቆጠሩ ግን ቅርጻቸው አምስት ዓይነት ብቻ ነው፤ እያንዳንዱም አሥር ጊዜ ይደጋገማል። ሠዓሊ አልነደፋቸውም፤ ስሌቱ ሲያልቅ እንዲያ ሆነው ተገኙ።

ፕሪንስተንም ወደ ጥንቱ ተመልሷል። የስፒትዘር ቤተ ሙከራ በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያውን አዲስ ስቴላሬተር በ2024 ይፋ አደረገ። ቋሚ ማግኔቶቹ ከገበያ የተገዙ፣ የተደረደሩበት ቅርፊትም በማተሚያ መሣሪያ የታተመ ፕላስቲክ ነው። መጠኑ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ያህል ነው።