ራጅን ወደ ጦር ግንባር ያደረሱት ማሪ ኩሪ

ማሪ ኩሪ በዓለም ዙሪያ የሚታወቁት ራዲየምና ፖሎኒየም የተባሉትን ንጥረ ነገሮች በማግኘታቸውና የኖቤል ሽልማትን ሁለት ጊዜ በመቀበላቸው ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በራዲዮሎጂ ሕክምና መስክ ያከናወኑት ተግባር ግን ያን ያህል ሲነሳ አይሰማም።

ሳይንቲስቷ እ.ኤ.አ በ1867 በፖላንድ ዋርሶ ተወለዱ። በወቅቱ ከተማዋን ታስተዳድር የነበረችው ሩሲያ ሴቶች ዩኒቨርሲቲ እንዲገቡ ስለማትፈቅድ በ1891 ወደ ፓሪስ ተጉዘው በሶርቦን ተማሩ። በ1903 ከባለቤታቸው ከፒየር ኩሪና ከሄንሪ ቤክሬል ጋር የፊዚክስ፣ በ1911 ደግሞ ብቻቸውን የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት አገኙ። ባለቤታቸው በ1906 በፈረስ ጋሪ አደጋ ሕይወታቸው በማለፉ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን ያሳደጉት ብቻቸውን ነበር።

በነሐሴ 1914 ጦርነቱ ሲቀሰቀስ ራጅ ከተገኘ 19 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ሆኖም መሣሪያው በትልልቅ ከተሞች ሆስፒታሎች እንጂ በጦር ግንባር አቅራቢያ እምብዛም አይገኝም ነበር። በዚህም ሳቢያ የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ጥይቱ የት እንዳለ ሳያውቁ የቁስለኛውን አካል እየቀደዱ ለመፈለግ ይገደዱ ነበር።

ማሪ ኩሪ ስለ ጨረር ያስተምሩ እንጂ በራጅ መሣሪያ ሰው መርምረው አያውቁም ነበር። በመሆኑም ዕድሜያቸው ወደ 47 ዓመት በተጠጋበት ጊዜ እንደ ጀማሪ ተማሪ ተቀምጠው የሰውነትን አወቃቀርና የመሣሪያውን አሠራር ተማሩ። ዘግየት ብሎም መኪና መንዳትና ሞተር መጠገን ለምደዋል።

የሙያው መነሻ ለማስረዳት አያስቸግርም። ጨረሩ ሥጋን በቀላሉ ሲያልፍ አጥንት ያግደዋል፤ ብረት ደግሞ ከአጥንት ይበልጥ ስለሚያግደው ጥይትና የመድፍ ፍንጣሪ ጎልተው ይታያሉ። አስቸጋሪው ጥልቀቱን ማወቅ ነው። አንድ ምስል ጥይቱ ከቆዳ ሥር ምን ያህል እንደራቀ አያሳይም። ስለዚህ የጨረሩን ምንጭ በተለካ ርቀት አንቀሳቅሶ ሁለተኛ ምስል ማንሳትና የጥላውን ፈቀቅታ በጂኦሜትሪ ማስላት ያስፈልጋል።

ከባለሀብቶችና ከድርጅቶች በልመና በተገኙ መኪኖች ላይ የራጅ መሣሪያና በመኪናው ሞተር የሚሠራ ዲናሞ ተገጠመ። ከጦሩ የሕክምና ኃላፊዎች ፈቃድ ማግኘት መኪናውን ከማግኘት የቀለለ አልነበረም፤ ብዙ ደጅ መጥናትን ጠይቋል። በ1914 መገባደጃ ማሪ ኩሪ የ17 ዓመቷን ልጃቸውን ኢሬንን አስከትለው ወደ ግንባር ተጓዙ። በጦርነቱ ዘመን 20 ያህል ተሽከርካሪዎችንና 200 ገደማ ቋሚ የራጅ ክፍሎችን አደራጅተዋል። በአገልግሎቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ምርመራዎች መካሄዳቸው ይጠቀሳል።

መሣሪያው ሲበዛ የባለሙያ እጥረት ገጠመ። ከ1916 ጀምሮ በፓሪስ በሚገኘው የራዲየም ተቋም 150 ያህል ሴቶች ስለ ኤሌክትሪክ፣ ስለ ራጅና ስለ ሰውነት አወቃቀር ከተግባር ልምምድ ጋር ተምረው ወደ ሥራ ተሰማሩ። ከእነዚህ መካከል ከዚያ በፊት የሳይንስ ትምህርት ያልነበራቸው ይገኙበታል። እናትና ልጅ አብረው ያስተምሩ ነበር።

በዚያ ዘመን ከጨረር የመከላከያው ዘዴ እጅግ አነስተኛ ነበር። ማሪ ኩሪ በሐምሌ 1934 በ66 ዓመታቸው፣ የአጥንት መቅኔ ደም ማምረት በሚያቆምበት ሕመም አረፉ። ለረጅም ጊዜ ምክንያቱ ራዲየም እንደሆነ ይታመን ነበር። አጽማቸው በ1995 ወደ ፓንቴዮን ሲዛወር በተደረገው ልኬት ግን የራዲየሙ መጠን ዝቅተኛ ሆኖ በመገኘቱ፣ ባለሙያዎች ይበልጥ የጎዳቸው በጦርነቱ ወቅት የተጋለጡበት የራጅ ጨረር ሳይሆን አይቀርም የሚል ግምት ወስደዋል።

ኢሬን እናቷ ባረፉ በዓመቱ፣ በ1935፣ ከባለቤቷ ጋር የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። በ1956 በደም ካንሰር ስታርፍ ዕድሜዋ 58 ዓመት ነበር።