የምንደኛ ፍቅርና ንጹሕ ፍቅር፦ የፌኔሎን ሕይወት

ፍራንስዋ ፌኔሎን በ1651 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ በፔሪጎር፣ ስሙ እንጂ ሀብቱ ካልገነነ የመኳንንት ቤት ተወለደ። በፓሪስ ተምሮ ከቀሰሰ በኋላ ከፕሮቴስታንት ወደ ካቶሊክ የተመለሱ ወጣት ሴቶች የሚኖሩበትን ቤት በአለቅነት መራ። በ1689 ዓ.ም. ንጉሡ ሉዊ 14ኛ የልጅ ልጁን፣ የሰባት ዓመቱን የቡርጎኝ መስፍን፣ እንዲያስተምርለት ሾመው። ልጁ እጅግ ቁጡ ነበር፤ በመምህሩ እጅ ግን ተገራ።

የሹመት መንገድ ሁሉ የተከፈተለትን ይህን ሰው ከቤተ መንግሥት ያራቀው በዋናው አንድ ጥያቄ ነው። ሰው እግዚአብሔርን የሚወደው ስለ ራሱ ስለ እግዚአብሔር ነውን? ወይስ ከእርሱ ስለሚያገኘው ዋጋ?

በ1688 ዓ.ም. ማዳም ጉዮን ከምትባል መበለት ጋር ተዋወቀ። እርስዋም ነፍስ በጸጥታ ጸሎት ራስዋን ፈጽሞ ወደ መርሳት ልትደርስ እንደምትችል ታስተምር ነበር። ትምህርቷ ጥርጣሬ ስላስነሣ የሞ ጳጳስ ቦስዌ ከሌሎች ጋር ሆኖ መረመረው። ያው ቦስዌ በ1695 ዓ.ም. ፌኔሎንን የካምብሬ ሊቀ ጳጳስ አድርጎ በእጁ ቀባው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሁለቱ ባላንጣዎች ሆኑ።

ፌኔሎን በጥር 1697 ዓ.ም. ባወጣው የቅዱሳን አባባሎች ማብራሪያ በተባለው መጽሐፉ ፍቅርን በአምስት ደረጃ ከፈለ። ከታች የምንደኛው ፍቅር አለ፤ ደመወዙ ቢቀር አገልግሎቱም ይቀራል። ከላይ ያለው ንጹሕ ፍቅር ግን ቅጣትን ስለ መፍራትም ዋጋን ስለ መሻትም አይወድም። ይህን ለማስረዳት ሊሆን የማይችል ነገር አስቦ ጠየቀ፤ እግዚአብሔር የምትወደውን ነፍስ ለዘለዓለም ሊጥላት ቢፈቅድ ኖሮ፣ ያች ነፍስ መውደድዋን ትተው ነበርን? ሙሴ ስለ ሕዝቡ ስሙ ከመጽሐፍ እንዲደመሰስ መለመኑ፣ ጳውሎስም ስለ ወንድሞቹ ከክርስቶስ ሊለይ መመኘቱ ለፌኔሎን ወገን ማስረጃዎች ነበሩ።

የቦስዌ መልስ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ሰው ደስታን መሻት በተፈጥሮው ያለ ስለ ሆነ ሊያወልቀው የሚችል ልብስ አይደለም አለ። ደግሞም ተስፋ ከሃይማኖትና ከፍቅር ጋር ከሦስቱ ታላላቅ ምግባራት አንዷ ስለ ሆነች፣ ተስፋን የሚንቅ ፍቅር የታዘዘውን ይንቃል። ስለ መዳንዋ ግድ የሌላት ነፍስ ስለ ኃጢአትዋም ግድ ላይኖራት ይችላል። በሐሳቡ በኩል የቦስዌ ክርክር ጠንካራ ነበር፤ በ1698 ዓ.ም. ግን ፌኔሎን በምስጢር የጻፈለትን ደብዳቤ ሳይቀር ለአደባባይ አወጣ። ስለ ፍቅር በተደረገው በዚያ ሙግት ፍቅር ብዙም አልታየም፤ ፌኔሎንም ቢሆን ብዕሩ የሰላ ነበር።

ንጉሡ ፌኔሎንን በ1697 ዓ.ም. ከሀገረ ስብከቱ እንዳይወጣ አዘዘው። በ1699 ዓ.ም. መጋቢት ወር ፓፓ ኢኖሴንት 12ኛ ከመጽሐፉ 23 ዐረፍተ ነገሮችን አወገዙ፤ ኑፋቄ ግን አላሉትም። ፌኔሎን ውሳኔውን ያለ ማመካኛ ተቀበለ፤ ምእመናኑም መጽሐፉን እንዳያነቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ለተማሪው የጻፈው ቴሌማክ ያለ ፈቃዱ ታተመ፤ ጦርነት ወዳድና ቅንጦት ወዳድ ነገሥታትን የሚነቅፍ በመሆኑ ሉዊ ራሱ እንደ ተሰደበ ቆጠረው። የመመለሻው በር በዚህ ፈጽሞ ተዘጋ።

በካምብሬ ያሳለፈው ዘመን ከመጽሐፉ ይልቅ ይናገራል። በስፔን የአልጋ ወራሽነት ጦርነት፣ ይልቁንም በ1709 ዓ.ም. ብርቱ ክረምትና ረኃብ፣ ቤቱን ለቁስለኞችና ለስደተኞች ከፈተ፤ ጎተራውንም ለተራበው ሠራዊት ሰጠ። ሆኖም በጃንሴናውያን ላይ እስከ መጨረሻው ጽኑ ተከራካሪ ነበር።

ክርክሩ ከእርሱ ጋር አልተቀበረም። ፈላስፋው ላይብኒዝ መውደድ ማለት በሌላው ደስታ መደሰት ነው በማለት ሁለቱን ወገን ሊያስታርቅ ሞከረ። በ1930ዎቹ ደግሞ ስዊድናዊው ኒግሬን ኤሮስንና አጋፔን ፈጽሞ ለያቸው፤ እንዲህ ያለው መለየት ሰውን ከምኞቱ ጋር የፈጠረውን አምላክ ይረሳል የሚሉ ተቺዎችም ተነሡበት።

በ1711 ዓ.ም. የቀድሞ ተማሪው አልጋ ወራሽ ሲሆን ዓይን ሁሉ ወደ ካምብሬ ዞረ። መስፍኑ ግን በዓመቱ በ1712 ዓ.ም. ሞተ። ፌኔሎን በጥር 1715 ዓ.ም. አረፈ፤ ሉዊም በዚያው ዓመት በመስከረም ተከተለው። በባስቲል ዓመታት ታስራ የተፈታችው ማዳም ጉዮን ግን ከሁለቱም ሞት በኋላ በብሏ ከተማ እስከ 1717 ዓ.ም. ኖረች።