ይምርሐነ ክርስቶስ፥ ከክፉ መንፈስ ጋራ የታገለ ንጉሥ

ከሰቆጣ ተነሥቶ በደቡብ በኩል ወደ ላሊበላ የሚሄድ መንገደኛ የዋግን አገር ካለፈ በኋላ ወደ ላስታ ተራሮች ይገባል። ከላሊበላ ከተማ በሰሜን ምሥራቅ፥ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ወገን፥ ጥድ የከበበው አንድ ትልቅ ዋሻ አለ። በዋሻውም ውስጥ ከድንጋይና ከእንጨት የተሠራ ያማረ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ይታያል። ይህን ቤተ ክርስቲያን ያሠራው ንጉሥ ስሙ ይምርሐነ ክርስቶስ ነው። ትርጓሜውም ክርስቶስ ይምራን ማለት ነው።

ይምርሐነ ክርስቶስ በ12ኛው መቶ ዓመት ከነገሡት ከዛግዌ ነገሥታት አንዱ ነው። የዛግዌ ነገሥታት ከአገው ወገን ነበሩ። በሰቆጣ ተቀምጠው ዋግን የገዙት ዋግሹሞችም ትውልዳቸውን ከእነርሱ ይቈጥሩ ነበር። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ይህን ንጉሥ እንደ ቅዱስ ታከብረዋለች፤ በየዓመቱም ጥቅምት 19 ቀን በዓሉን ታደርጋለች።

አባቱ ግርማ ሥዩም ይባል ነበር። በዚያ ዘመን የነገሠው ግን የአባቱ ወንድም ጠጠውድም ነበረ። ገድሉ እንደሚተርከው፥ ይህ ብላቴና አድጎ እንደሚነግሥ በንጉሡ ዘንድ ተሰማ። ንጉሡም ዙፋኑን ለልጆቹ ሊያወርስ ይወድ ነበርና በብላቴናው ላይ ቅናት አደረበት። ቅናት ቶሎ ካልተነቀለ ጥላቻን ይወልዳል፤ ጥላቻም ነፍስ መግደልን ያሳስባል። እንዲሁ ኾነና አጎቱ ሊገድለው ፈለገ።

ክፉ መንፈስ በሰው ልብ የሚገባው በዚህ መንገድ ነው። ሰውን በገመድ አስሮ አይጐትትም፤ በሩን የሚከፍትለትን ይፈልጋል እንጂ። በዚያ ንጉሥ ልብ በሩን የከፈተው ቅናት ነበረ።

ይምርሐነ ክርስቶስ ሞትን ሸሽቶ ከቤቱ ወጣ። በስደቱም ጊዜ ኹለት ጠላት ነበረበት። አንደኛው በውጭ የሚያሳድደው የንጉሡ ጭፍራ ነው። ኹለተኛው በውስጥ የሚመጣው ፍርሃትና ቂም ነው። የሚሰደድ ሰው ሌሊት በተኛ ጊዜ ያሳዳጁ ፊት ይታየዋል፤ አንድ ቀን ብድሩን ሊመልስ ያስባል፤ ይህም አሳብ ደስ እያሰኘው ልቡን ይመርዘዋል። ከጭፍራ ለመሸሽ እግር ይበቃል፤ ከቂም ለመሸሽ ግን እግር አይበቃም።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት፥ በ6ኛው ምዕራፍ፥ ስለዚህ ውጊያ አስተምሯል። የክርስቲያን ጠላቱ ሰው እንዳይደለ፥ ሰውን የሚያስት ክፉ መንፈስ እንደ ኾነ ገለጠ። የዚህም ውጊያ መሣሪያ እውነትና ጽድቅ፥ ሃይማኖትና ጸሎት እንደ ኾነ በወታደር ትጥቅ መስሎ አስረዳ። እንዲህ ከኾነ የሚጠላን ሰው ራሱ በጠላት እጅ የተያዘ ምርኮኛ ነው። ምርኮኛ ሊታዘንለት ይገባል እንጂ ሊጠሉት አይገባም።

ይምርሐነ ክርስቶስ ይህን መሣሪያ መረጠ። በስደት ሳለ ሰይፍ የሚያነሣ ሠራዊት አልሰበሰበም፤ መጽሐፍ ተማረ፥ ጸለየም። አስቀድሞ ዲያቆን፥ ኋላም ቄስ ኾነ። በቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ነፍስ የገደለ ቄስ ከቅስናው ይሻራል፤ ዳግመኛም በመሠዊያ ፊት ቆሞ ሊቀድስ አይችልም። እንግዲህ ቅስናን በተቀበለ ጊዜ በእርሱና በበቀል መካከል ጽኑ አጥር ቆመ።

ከዘመናት በኋላ ጠጠውድም ሞተ። ተሰዶ የነበረውም ሰው ዙፋን ላይ ተቀመጠ። ይህን ጊዜ ትግሉ ያለቀ ይመስላል፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ሌላ ትግል ዠመረ። ድኻና ስደተኛ በነበረ ጊዜ ክፉ መንፈስ በፍርሃት ይፈትነው ነበር። ንጉሥ በኾነ ጊዜ ግን የሚፈትነው በክብርና በገንዘብ ኾነ። ይህ ፈተና ከፊተኛው ይልቅ የረቀቀ ነው፤ ፍርሃት ሰውን ያስጨንቀዋልና ጠላት እንደ ኾነ ያውቀዋል፤ ክብር ግን ወዳጅ መስሎ ይመጣል።

ይምርሐነ ክርስቶስ ዘውድ ደፍቶ ቅስናውን አልተወም። አርባ ዓመት ነገሠ ይባላል፤ በነዚያም ዓመታት ቅዳሴን እየቀደሰ ሕዝቡን በሐዋርያት ሥርዐት ሊመራ ይደክም ነበር።

ከብዙ ዘመን በኋላ አልቫሬዝ የሚባል የፖርቱጋል ቄስ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1520 እስከ 1526 ዓመተ ምሕረት በአገሩ ተቀምጦ ያየውንና የሰማውን ጻፈ። ወደዚህም ዋሻ መጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን አይቷል። የአገሩ ሰዎችም የነገሩትን ጽፏል። ይህ ንጉሥ ከሕዝቡ ግብር አይቀበልም ነበር፤ ያመጡለት እንደ ኾነም ለድኾች ይከፈል ዘንድ ያዝ ነበር፤ ራሱ ግን ከሚያሳርሰው እርሻ በሚገኘው እህል ይኖር ነበር። ሲቀድስም ኅብስቱንና ወይኑን መላእክት ያመጡለት ነበር ብለው ነገሩት።

ገንዘብን ከሚወድ ልብ ክፉ መንፈስ በቀላሉ አይወጣም። ንጉሡ ግን ግብሩን ለድኾች በሰጠ ቍጥር ጠላቱን ከደጁ ይመልስ ነበር። ይህ ውጊያ ጥሩንባ አይነፋበትም፥ ነጋሪትም አይመታበትም። ነገር ግን እውነተኛ ውጊያ ነው።

ስለ ቤተ ክርስቲያኑም አሠራር እንዲህ ይባላል። የዋሻው ውስጥ ውሃ የቋጠረ ረግረግ ነበረ። እንዲህ ባለ ስፍራ ቤት መሥራት የማይቻል ይመስላል። ንጉሡ ግን በረግረጉ ላይ እንጨት አስረብርቦ፥ አፈርም አስደልድሎ፥ በላዩ ቤተ ክርስቲያኑን አቆመ። ግድግዳው በጥንት በአክሱም ዘመን እንደ ነበረው አሠራር ነው፤ አንድ ተራ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ፥ አንድ ተራ እንጨት እየኾነ ከታች እስከ ላይ ወጥቷል። ጣራውም በውስጥ በኩል በብዙ ዐይነት ሐረግና ሥዕል አጊጧል። ከዋሻው በስተኋላ ከሩቅ አገር መጥተው በዚያ ያረፉ የብዙ ሰዎች ዐፅም ይታያል።

ያ ረግረግ የሰውን ልብ ይመስላል። ልብ ጨለማና ጭቃ ቢኖርበትም፥ በትዕግሥት የሚደለድለው ሰው ካገኘ የእግዚአብሔር ቤት ይኾናል።

ይምርሐነ ክርስቶስ ካረፈ በኋላ ሐርቤ፥ ከሐርቤም በኋላ ላሊበላ ነገሠ። ላሊበላም ገና ሳይነግሥ ከገዛ ቤተ ሰቡ በቅናት መርዝ እንዳጠጡት ገድሉ ይናገራል። ጠጠውድምን ያሳተው የቅናት መንፈስ በዚያው ቤት እንደ ገና ተገኘ። ከዚህም የምንማረው፥ አንድ ቅዱስ ድል ቢነሣ ድሉ ለልጅና ለልጅ ልጅ በርስት የማይተላለፍ መኾኑን ነው። ኹሉም በየዘመኑ፥ በየልቡ፥ ራሱ ሊዋጋ ይገባዋል።

ልጆች ሆይ! ክፉ መንፈስ በዱርና በገደል ብቻ የሚገኝ አይምሰላችሁ። ጓደኛችሁ ከእናንተ ይልቅ አንብቦ በተመሰገነ ጊዜ ልባችሁ ቢከፋ፥ ያን ጊዜ ደጃችሁን የሚነካው እርሱ ነው። የሰደባችሁን ልጅ ለመምታት ድንጋይ ባነሣችሁ ጊዜ ከእጃችሁ አጠገብ የሚቆመው እርሱ ነው። በብዙ መንደር ደግሞ ሕፃን በታመመ ጊዜ ሸክላ ሠሪውን ወይም ቀጥቃጩን ቡዳ ነው ብሎ የሚጠላና የሚያሳድድ ሰው ይገኛል። ይህ ሰው ከክፉ መንፈስ የሚዋጋ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ጐረቤቱን በመጥላቱ ለክፉ መንፈስ ጭፍራ ኾኗል።

ስለዚህ ጠላታችሁን ለይታችሁ ዕወቁ። ሰውን አትጥሉ፤ ቅናትን፥ ቂምንና ትዕቢትን ጥሉ። ይምርሐነ ክርስቶስ ያሳደደውን አጎቱን በሰይፍ ሳይኾን፥ አጎቱን ያሳተውን መንፈስ በጸሎትና በምጽዋት ድል ነሣው።