በዱር ያደሩት አባት፤ አቡነ ሳሙኤል ዘዋልድባ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በብዙዎቻችን ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ሥዕል አለ። በአንበሳ ላይ የተቀመጡ መነኩሴ ናቸው። ተሳልመነው እናልፋለን እንጂ አንበሳው እንዴት እንደለመዳቸው ብዙም አንጠይቅም። በዓለ ዕረፍታቸው ታኅሣሥ 12 ቀን፣ በዚሁ በጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሚውል እስቲ ዛሬ ኑሯቸውን እንመልከት።

አባታችን አቡነ ሳሙኤል የተነሡት በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። በትግራይ፣ በደብረ በንኰል ገዳም፣ ከአቡነ መድኃኒነ እግዚእ እጅ መነኰሱ። መድኃኒነ እግዚእ ደግሞ በምንኵስና የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ናቸው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በዳሞት፣ እስከ ጎረቤታችን ወላይታ ድረስ ወርደው አስተማሩ ስለሚባል፣ ነገሩ ለእኛ ለጋሞ ሰዎችም እንግዳ አይደለም።

በገዳም ማኅበር መኖር ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። ግን ሌላው ቢቀር ደወል የሚደውል አለ፣ ቢታመሙ ውኃ የሚያቀብል ወንድም አለ። አቡነ ሳሙኤል ይህንን ትተው ወደ ዋልድባ ወረዱ። ዋልድባ ከሰሜን ተራሮች ሥር፣ ወደ ተከዜ በሚወስደው ቆላ ያለ በረሃ ነው። ሙቀቱ ያቃጥላል፣ ወባው ያስፈራል፣ በዚያን ዘመን አንበሳና ነብር ይመላለስበት ነበር።

ስንክሳሩ መጀመሪያ 40 ቀንና 40 ሌሊት ምንም ሳይቀምሱ እንደጾሙ፣ ከዚያም የዛፍ ቅጠልና ሥራ ሥር ምግባቸው እንደነበረ ይነግረናል። ቅጠል በሉ ሲባል ዝም ብሎ ነገር ይመስላል። ዱር ያደረ ሰው ግን ያውቀዋል። የትኛው ሥር እንደሚመር፣ የትኛው እንደሚገድል፣ በበጋ ውኃ በየትኛው ጉድጓድ እንደሚቀር ማወቅ ያስፈልጋል። ሥሩን ለማውጣት ደረቅ መሬት መቆፈር አለ። ስለ ጸሎታቸው ብዙ ተጽፏል፤ ውዳሴ ማርያም ሲደግሙ ክንድ ያህል ከምድር ከፍ ይሉ ነበር ይባላል። እኔ ግን የቆፈሩበትን እጅ ሳስብ ነው ይበልጥ የምደነቀው። አባ እንጦንስም በግብፅ በረሃ ሰሌን እየታቱ ነበር የሚጸልዩት።

አንድ ቀን ወደ ሞላ ወንዝ ደረሱ። በእጃቸው መጽሐፍና እሳት ነበር። ጸልየው ገቡ፣ ውኃውም ሸፈናቸው። ሲወጡ መጽሐፉ አልራሰም፣ እሳቱም አልጠፋም። ልጅ ሆኜ ይህን ስሰማ መጽሐፉስ ይሁን፣ እሳት ለምን ያዙ እል ነበር። በኋላ እናቴ ማታ ማታ ፍሙን በአመድ ስታዳፍን አይቼ ገባኝ። ክብሪት በሌለበት ዘመን እሳቱ የጠፋበት ሰው ከጎረቤት ይጭራል፤ በዋልድባ ጎረቤት የለም።

አንበሶቹም የለመዷቸው በአንድ ቀን አይመስለኝም። አባታችን ቁስላቸውን ይጠርጉላቸው፣ ከእግራቸው እሾህ ይነቅሉላቸው እንደነበር ተጽፏል። ሥዕሉ ላይ የምናየው መቀመጥ የመጣው እንግዲህ ከዚህ በኋላ ነው። አውሬውን በጦር አላባረሩትም፤ ዱሩም የእሱ መሆኑን አልዘነጉም።

ዜናቸው ሲሰማ ደቀ መዛሙርት ተሰበሰቡ፣ ዋልድባም ታላቅ ገዳም ሆነ። እዚያ እህል አይዘራም። የገዳሙ አባቶች ምግብ ቋርፍ ይባላል። ያልበሰለ ሙዝ ተቀቅሎና ተወቅጦ የሚዘጋጅ ነው፤ ሥራ ሥርም አለበት። ልብ በሉ፣ እኛ አርባ ምንጮች ጥሬውን በመኪና ጭነን ወደ አዲስ አበባ የምንልከው ሙዝ ማለት ነው! በ2004 ዓ.ም በወልቃይት የስኳር ፕሮጀክትና በዛሬማ ወንዝ ግድብ ምክንያት መነኮሳቱ ገዳማችን ሊነካ ነው ብለው ሲያዝኑ ብዙ ሰው ሰምቷል። ያዘኑት ለመሬት ስፋት ብቻ አልነበረም፤ ዱሩ ከሄደ ያ ኑሮ አብሮ ይሄዳል። እዚህ እኛም ጋ ቢሆን ከተማችን ስሟን ያገኘችው፣ ውኃዋንም የምትጠጣው በዱሩ ግርጌ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው፤ ዱሩ ግን ለማገዶ ይቆረጣል። ሸክሙን የሚያወርዱት እናቶች ችግራቸውን አውቃለሁ፣ አልፈርድም።

አንድ ነገር ልናገርና ላብቃ። በሰሜን በአንድ አብነት ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ ከደጋው ከጋሞ እናቴ ጋግራ የሰጠችኝን ቆጮ ደብቄ ነበር የምበላው። ጓደኞቼ የእንጨት ሥር በላተኛ እያሉ ይስቁብኝ ስለነበር አፈርኩ። አንድ ቀን ግን ከዋልድባ የመጡ አንድ ሽማግሌ አባት እኛ ዘንድ አደሩ። ተማሪዎቹ የለመኑትን ቁራሽ እንጀራ አቀረቡላቸው፤ እህል አልቀምስም ብለው መለሱት። እኔም እየፈራሁ ቆጮውን አወጣሁ። ከምን እንደሆነ ጠየቁኝ። እንሰት እህል እንዳልሆነ፣ ግንዱ ተፍቆ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ እንደሚብላላ አስረዳሁ። አባ በመስቀላቸው ባርከው ቆርሰው በሉ። ከዚያ ጉድጓዱ ምን ያህል እንደሚጠልቅ፣ በምን ቅጠል እንደሚሸፈን፣ ስንት ወር እንደሚቆይ እስከ ማታ ድረስ ሲጠይቁኝ አመሹ። የሳቁት ጓደኞቼም ቀረብ ብለው ያዳምጡ ነበር።

የአባታችን የአቡነ ሳሙኤል ረድኤትና በረከት አይለየን፤ አሜን።