በግ ጠባቂው አናጢና የሌጎ መኪና

በታዋቂ ሰዎች የሕይወት ታሪክ አምዳችን ዛሬ የማቀርብላችሁ የንጉሥ ወይም የጦር መሪ ታሪክ አይደለም። የአንድ አናጢ ታሪክ ነው። ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን ይባላል፣ አገሩ ዴንማርክ ነው። ሌጎ የሚባሉትን የሚሰካኩ የፕላስቲክ ጡቦች የሚሠራውን ድርጅት የመሠረተው እሱ ነው።

ሌጎን ያላያችሁ ካላችሁ እንዲህ ነው። ጡቡ ራሱ ላይ ክብ ክብ ጉብታዎች አሉት፣ ሆዱ ደግሞ ክፍት ነው። የአንዱን ጉብታ በሌላው ሆድ ስትከቱት ጠቅ ብሎ ይይዛል። ሙጫ የለም፣ ሚስማር የለም። ሲሰለቻችሁ ትነቅሉትና ሌላ ነገር ትሠሩበታላችሁ። ቤት በሉት፣ ድልድይ በሉት፣ መኪና በሉት። ይህን ታሪክ እንድጽፍ ያደረገኝ መኪናው ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ላንድ ሮቨር ዲፌንደር የተባለውን መኪና በ2,573 ቁርጥራጮች የሚገጣጠም አድርጎ አወጣ። ላንድ ሮቨር ማለት ያው በጭቃና በዳገት የሚሄደው፣ የጮቄ ተራራን ዓይነት መንገድ የሚችለው መኪና ነው። የሌጎው ርዝመት 42 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ማለትም ከባለ 30 ማስመሪያችን ይበልጣል። ይህ መኪና እንዴት እንደመጣ ለማወቅ ግን ወደ እንጨቱና ወደ በጎቹ መመለስ አለብን።

ኦሌ ኪርክ የተወለደው እ.ኤ.አ. አፕሪል 7 ቀን 1891 ነው። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 30 ቀን 1883 ዓ.ም መሆኑ ነው። ቦታው ጁትላንድ በሚባለው የዴንማርክ ክፍል፣ ቢሉንድ ከምትባል ትንሽ መንደር አካባቢ ነው። ቤተሰቦቹ ድሃ ገበሬዎች ነበሩ፣ ልጆቹም ብዙ ነበሩ። ስለዚህ በልጅነቱ በግ ይጠብቅ ነበር፣ እንጨት መፋቅም ይወድ ነበር። በግ የጠበቀ ልጅ ይህ አይገርመውም። ከብቱ ሲግጥ ዱላ ያልጠረበ ማን አለ?

ትንሽ ከፍ ሲል ከታላቅ ወንድሙ ዘንድ የአናጢነት ሥራ ተማረ። ከዚያ ጀርመንና ኖርዌይ ሄዶ ሠራ። ኖርዌይ ሳለ ኪርስቲነ ከምትባል ሴት ጋር ተዋወቀ። እ.ኤ.አ. በ1916 ወደ ቢሉንድ ተመልሶ የእንጨት ሥራ ቤት ገዛ፣ እሷንም አገባ። ለአካባቢው ገበሬ ቤትና የቤት ዕቃ ይሠራ ነበር። አራት ወንዶች ልጆችም ወለዱ።

አሁን መከራው ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1924 ሁለቱ ትንንሽ ልጆቹ፣ ካርል ጌኦርግና ጎትፍሬድ፣ አባታቸው በሌለበት ሥራ ቤቱ ገብተው እሳት አቀጣጠሉ። እሳቱ ፍቅፋቂውን ያዘ። የእንጨት ፍቅፋቂ እንዴት እንደሚነድ ታውቃላችሁ። ሥራ ቤቱም መኖሪያ ቤቱም ወደመ። ኦሌ ኪርክ ግን ተበድሮ ከበፊቱ የሚበልጥ ቤት ሠራ።

ስምንት ዓመት ሳይሞላ ሌላ መጣ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በዓለም ላይ ትልቅ የኢኮኖሚ ድቀት ነበር። የእህልና የከብት ዋጋ ወደቀ፣ የኦሌ ኪርክ ደንበኞች ደግሞ ገበሬዎች ናቸው። ገበሬው ካልሸጠ በር የሚያሠራ አይኖርም። ይህን ለጎጃም ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። ሠራተኞቹን አሰናበተ። በዚያው በ1932 ሚስቱ ኪርስቲነ ሞተች። አራት ልጆች ይዞ ብቻውን ቀረ፣ የመጨረሻው ልጅ ገና ስድስት ዓመቱ ነበር።

እስቲ አስቡት። ቤት የሚያሠራ የለም፣ ዕዳ አለ፣ እናት የለችም። ኦሌ ኪርክ ምን አደረገ? ትርፍራፊውን እንጨት ሰብስቦ ትንንሽ ነገር መሥራት ጀመረ። የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ፣ መሰላል፣ እና የልጆች መጫወቻ። ዳክዬ፣ የጭነት መኪና፣ አውቶቡስ ከእንጨት እየሠራ ሸጠ። ገንዘብ ያጡ ሰዎች አንዳንዴ በምግብ ይከፍሉት ነበር።

ወንድሞቹና እህቶቹ ብድር እንዲያገኝ ረድተውታል። ግን አንድ ትልቅ ሰው ከዚህ የሚሻል የሚጠቅም ሥራ አያገኝም ወይ ብለው ነበር። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ፣ ምክንያቱም እኛም ቤት የሚባል ነገር ነው። ከሽቦ መኪና ስንሠራ ጨዋታ ምን ይፈይዳል፣ ደብተርህን አንብብ እንባላለን። ትላልቆቹ እውነት የላቸውም አልልም፣ ማንበቡ ያስፈልጋል። በዚህኛው ታሪክ ግን ቤተሰቡን ያበላው መጫወቻው ሆነ።

ደስ የሚለኝን ልንገራችሁ። በዚያን ጊዜ ዮዮ የሚባለው በክር እየወረደ የሚወጣ መጫወቻ ፋሽን ሆነ። ኦሌ ኪርክ ብዙ ዮዮ ሠራ። ፋሽኑ ግን ድንገት አለፈና ዮዮው ተከማችቶ ቀረ። ሌላ ሰው ቢሆን ለማገዶ ያደርገው ነበር። እሱ ግን ዮዮውን ለሁለት ከፈለና የመጫወቻ መኪና ጎማ አደረገው! በቃ እንደ እኛ ነው። እኛ ቆርኪ ለጎማ፣ የበቆሎ አገዳ ለሻንሲ፣ ያረጀ ነጠላ ጫማ ክብ ተቆርጦ ለትልቁ ጎማ እናደርግ የለ?

ልጁ ጎትፍሬድ ከአባቱ ጋር መሥራት ሲጀምር 12 ዓመቱ ነበር፣ ማለትም ከኛ ክፍል ብዙው ተማሪ ያንሳል። በ1934 ለድርጅቱ ስም ሲፈለግ ኦሌ ኪርክ ጥሩ ተጫወት የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የዴንማርክ ቃላት መጀመሪያ መጀመሪያቸውን ቆርጦ ሌጎ አለው። ስሙ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አልተቀየረም።

የጎትፍሬድን የዳክዬ ታሪክ ግን ቶሎ አላልፈውም። የእንጨት ዳክዬው ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ይቀባ ነበር። አንድ ቀን ጎትፍሬድ ዳክዬዎቹን በሣጥን አሽጎ ባቡር ጣቢያ አድርሶ ተመለሰና ለአባቱ ደስ ብሎት አወራው። ሁለት ጊዜ ብቻ ቀብቻቸው ለድርጅቱ ቫርኒሽ ቆጠብኩ አለ። አባቱ የሚያመሰግነው መስሎታል። አባቱ ግን ሄዶ ሣጥኖቹን ከጣቢያው እንዲያመጣ፣ ዳክዬዎቹን አውጥቶ ሦስተኛውን እንዲቀባ፣ እንደገና አሽጎ እንዲመልስ አዘዘው። ያውም ብቻውን፣ ሌሊቱን ሙሉ። እኔ በበኩሌ መጀመሪያ ሳነበው አባትየው በጣም ጨከነ ብዬ ነበር። ቫርኒሹ ሁለት ይሁን ሦስት ገዢው እንዴት ያውቃል? ጎትፍሬድ ግን አልተቀየመም። ካደገ በኋላ ይህን ታሪክ ራሱ ይናገረው ነበር፣ የአባቱንም መመሪያ በእንጨት ላይ ቀርጾ ሥራ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። እኔ ብሆን ግን ያን ሌሊት ማኩረፌ አይቀርም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1940 የጀርመን ጦር ዴንማርክን ያዘ። በ1942 ደግሞ ፋብሪካው በሌሊት ተቃጠለ፣ ንድፎቹና ሞዴሎቹ ሁሉ አብረው ነደዱ። ሰውዬው 50 ዓመት አልፎታል። መተው አስቦ ነበር ይባላል፣ ሠራተኞቹ ሥራ እንዳያጡ ብሎ ግን እንደገና ገነባ።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በ1946 ኦሌ ኪርክ ቤተሰቡን ያስደነገጠ ነገር አደረገ። ፕላስቲክ አቅልጦ በቅርጽ ውስጥ የሚያፈስ ማሽን በ30,000 የዴንማርክ ክሮነር ገዛ። ለመንደር ፋብሪካ ብዙ ገንዘብ ነው። የአናጢ ልጅ ስለ ፕላስቲክ ምን ያውቃል? ከማሽኑ ጋር ያያቸው የናሙና ዕቃዎች መካከል የሚሰካኩ ትንንሽ ጡቦች ነበሩ። እዚህ ላይ እውነቱን መጻፍ አለብኝ፣ የጡቡን ሐሳብ መጀመሪያ ያመነጨው ኦሌ ኪርክ አይደለም። ሂላሪ ፊሸር ፔጅ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ኦሌ ኪርክና ጎትፍሬድ እሱን አይተው አሻሽለው በ1949 የራሳቸውን ጡብ አወጡ። ብዙ ሰው ታሪኩን ሲያወራ ፔጅን ይዘለዋል፣ እኔ ግን መዝለል ልክ አይመስለኝም። የሌጎ ድርጅት ራሱ በ1981 የፔጅን ጡብ መብት ገዝቷል።

ጡቡ መጀመሪያ አልተሸጠም። ባለሱቆች ፕላስቲክ የእንጨትን ቦታ አይወስድም ይሉ ነበር። የተሸጠው ምን መሰላችሁ? ትራክተር! በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፈርጉሰን የተባለውን የእውነት ትራክተር በጣም አስመስለው ከፕላስቲክ ሠሩ። ጎማው ይዞራል፣ ከኋላው የሚጎተት ማረሻም ነበረው። ተገጣጥሞም ሳይገጣጠምም ይሸጥ ነበር። ያኔ በዴንማርክ እርሻ ፈረስ እየቀረ ትራክተር እየገባ ስለነበር የገበሬ ልጅ ሁሉ ፈለገው። ስለዚህ ሌጎ እውነተኛ መኪና አስመስሎ መሥራት የጀመረው በላንድ ሮቨር አይደለም፣ ገና ኦሌ ኪርክ በሕይወት እያለ በማረሻ ትራክተር ነው።

የጡቡ ችግር ግን አልተፈታም። ሆዱ ባዶ ስለነበር በደንብ አይዝም፣ ቤት ሠርታችሁ ብታነሱት ይፈርሳል። እንዲህ ባለ ጡብ ደግሞ መኪና አይሠራም፣ አንድ ጊዜ ብትገፉት ጎማው ለብቻ፣ በሩ ለብቻ ይሄዳል። መፍትሔው በሆዱ ውስጥ ትንንሽ ቱቦዎች ማድረግ ሆነ። አሁን የታችኛው ጡብ ጉብታ በቱቦውና በግድግዳው መካከል ገብቶ ተጨናንቆ ይያዛል። ይህን ፈጠራ ጎትፍሬድ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1958 በዴንማርክ አስመዘገበ፣ በእኛ ጥር 20 ቀን 1950 ዓ.ም ማለት ነው። ባለ ስምንት ጉብታ ስድስት ጡቦች ብቻ፣ ያውም አንድ ዓይነት ቀለም፣ ከ915 ሚሊዮን በላይ በሆነ መንገድ ይገጣጠማሉ። የሒሳብ መምህራችን ይህን ሲያዩ ምን እንደሚሉ እንጃ።

ኦሌ ኪርክ ይህ ከሆነ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 1958 ሞተ። መጋቢት 2 ቀን 1950 ዓ.ም መሆኑ ነው። 66 ዓመቱ ነበር። ድርጅቱን ጎትፍሬድ ተረከበ። ያ ሁለት ጊዜ ብቻ የቀባው ልጅ ማለት ነው።

በ1960 ሌላ እሳት የእንጨት መጫወቻዎቹን መጋዘን አቃጠለ። ከዚያ በኋላ እንጨቱን ትተው በጡቡ ብቻ ቀጠሉ። በ1962 የሌጎ ጎማ ወጣ፣ በ1977 ደግሞ ማርሽና ዘንግ ያላቸው ቴክኒክ የሚባሉት ቁርጥራጮች ወጡ። የእውነት የሚሠራ መኪና መሥራት የተቻለው በእነሱ ነው።

እንግዲህ ወደ ላንድ ሮቨሩ። ከውጭ ሲያዩት መኪና ነው፣ ዋናው ነገር ግን ውስጡ ነው። ስድስት ሲሊንደር ያለው ሞተር አለው፣ መኪናው ሲገፋ ፒስተኖቹ ይወጣሉ ይወርዳሉ። ካምቢዮው አራት ማርሽ ያለው ሲሆን ለዳገትና ለሜዳ የሚለወጥበት ሌላ እጀታ አለው። አራቱም ጎማ ከሞተሩ ጋር የተያያዘ ነው። ጎማዎቹ በሞላ ላይ ስላሉ አንዱ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ሌላው መሬት አይለቅም። ፊት ለፊቱ ጭቃ ውስጥ ሲገባ ራሱን የሚጎትትበት ገመድ አለው። የዋልካ ጭቃ በክረምት ያየ ሰው ይህ ገመድ ለምን እንደሚያስፈልግ ይገባዋል።

ሦስት ዲፍረንሻልም አለው። ዲፍረንሻል ማለት ምን እንደሆነ በሰልፍ ላስረዳችሁ። ጠዋት በሰልፍ ተያይዘን ስንታጠፍ ዳር ያለው ተማሪ ይሮጣል፣ ውስጥ ያለው ግን ቆሞ ይዞራል ማለት ይቻላል። መኪና ሲታጠፍም የውጭው ጎማ ብዙ፣ የውስጡ ጥቂት መዞር አለባቸው። ሁለቱ በአንድ ዘንግ ተጣብቀው ቢሆኑ አንዱ ይጎተታል። የእኛ የሽቦ መኪና ስትታጠፍ ጎማዋ መሬቱን የምትፍቀው ለዚህ ነው። ዲፍረንሻሉ በመካከል ባሉ ትንንሽ ማርሾች ኃይሉን ለሁለቱም ያካፍላል፣ እያንዳንዱ ጎማ ግን በራሱ ፍጥነት ይዞራል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ኦሌ ኪርክ በሞተበት ዓመት የተሠራ ባለ ቱቦ ጡብ ዛሬ ከሚወጣው ጡብ ጋር ጠቅ ብሎ ይገጥማል። በዴንማርክ ያሉ አያት የልጅነት ጡባቸውን ከሣጥን አውጥተው ለልጅ ልጃቸው ቢሰጡ፣ ልጁ እቃ መጫኛ አድርጎ መኪናው ላይ ሊሰካው ይችላል።